ተማሪዋ አዋላጅና የእናት አደራ

ሰሞኑን ሆሳዕና አጠገብ ወዳለችው ሀቢቾ አራስ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ቤቱ በቅቤ ሽታ ታውዷል፤ ለአራሷም የቡላ ገንፎ ቀርቧል። አማቷ ግን ተቆጥተዋል። «ምራቴን ተማሪ አዋለደቻት! በሰው ሕይወት ልምምድ አለ እንዴ?» አሉኝ። አራሷ ፈገግ ብላ «እማማ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከአጠገቤ ያልተለየችው እኮ ያቺው ተማሪ ናት። ወገቤን ስታሽልኝ ነው ያደረችው። አስተማሪዋም ከጎኗ ቆማ ታያት ነበር» ስትል መለሰችላቸው።

እናቶች፣ ከሁለቱ ማንኛቸው ልክ ናቸው ትላላችሁ? እኔ ግን ሁለቱም እውነት አላቸው እላለሁ።

የአማቲቱ ሥጋት ከባዶ የመነጨ አይደለም። ምጥ ታላቅና ታናሽ አይለይም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ የነርስነት ሙያ ተምረው ነበር፤ ነገር ግን እርሳቸው ራሳቸው በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር በወጣትነታቸው ዐረፉ። በኋላ በስማቸው በአዲስ አበባ በተሠራው ሆስፒታል ነርሶች እንዲሠለጥኑ ተደረገ። ከዚህ ኀዘን የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ የአንዲት ሴት መማር ብቻውን አያድናትም። በምጧ ሰዓት ከአጠገቧ የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋታል።

ያ እጅ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ በኢትዮጵያ ከ100 ወሊዶች መካከል በጤና ተቋም የተካሄዱት 5 ያህል ብቻ ነበሩ። በ2019 በተደረገው ጥናት ግን ቁጥሩ 48 ደርሶ ነበር። ይህን ሁሉ እናት የተቀበሉት አዋላጆች በሙሉ አንድ ቀን ተማሪዎች ነበሩ። ሆሳዕና ውስጥ በሐድያዋ ንግሥት እሌኒ ስም የተሰየመው ሆስፒታልም የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚለማመዱበት ነው።

ልምምድ ሲባል ግን ደረጃ አለው። ተማሪዋ በመጀመሪያ በአሻንጉሊት ላይ ትሠለጥናለች፤ ከዚያ ቆማ ታያለች፤ ቀጥሎ ታግዛለች፤ በመጨረሻ አስተማሪዋ እያየቻት ራሷ ታዋልዳለች። የፅንሱን የልብ ምት በየግማሽ ሰዓቱ አዳምጣ መመዝገብ፣ የምጡን ሂደት በፓርቶግራፍ መከታተል፣ ሕፃኑ እንደተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የደም መፍሰስ መከላከያውን መርፌ ለእናቲቱ መስጠት፣ የማያለቅሰውን ሕፃን እንዲተነፍስ መርዳት ትማራለች። ከሁሉም በላይ «ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው» ብላ በጊዜ መጥራትን ማወቅ አለባት።

እዚህ ላይ ስለ ፊርማ አንድ ነገር ልበል። ተማሪ በዝቶ ወላድ ስታንስ፣ ከበር ላይ ያየችውን ወሊድ እንዳዋለደች አድርጋ በመዝገቧ ማስሞላት የምትፈልግ ተማሪ አትጠፋም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አንዲት የአዋላጅነት ተማሪ ቢያንስ 40 ወሊድ ራሷ ማካሄድ አለባት፤ ወላድ ካነሰ ቁጥሩ እስከ 30 ዝቅ ሊል ይችላል፤ ያኔም ቢሆን በተጨማሪ በ20 ወሊዶች ላይ ማገዝ ይኖርባታል። ቁጥሩ ዋጋ የሚኖረው ግን ፊርማው እውነተኛ ሲሆን ነው። በወረቀት ላይ ትክክለኛውን መልስ ማጥቆር አንድ ነገር ነው፤ ደም ሲፈስ ሳይደናገጡ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው። ያላየውን የሚፈርም አስተማሪ የማያውቃትን እናት ሕይወት ነው የሚያሲዘው።

የአራሷም እውነት አለ። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል፣ ፈቃዴን ሳይጠይቁ ብዙ ተማሪዎች አልጋዬን ከበቡ። ስለ እኔ ተወራ፤ ከእኔ ጋር ግን ማንም አላወራም። የምጡን ሕመም ረስቼዋለሁ፤ ያን ኀፍረት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የሀቢቾዋ ተማሪ ግን «እህቴ፣ እኔ ተማሪ ነኝ፤ አስተማሪዬ አብራኝ ናት። ትፈቅጂልኛለሽ?» ብላ እንደጠየቀቻት አራሷ ነግራኛለች። ይህን ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለዚህ እናቶች፣ ተማሪ ስትቀርባችሁ «ስምሽ ማነው? ኃላፊሽስ የት አለች?» ብላችሁ ጠይቁ። ኃላፊዋ ከሌለች እንድትጠራ በሉ። አልፈልግም ማለትም መብታችሁ ነው። ከቻላችሁ ግን ፍቀዱላት፤ ነገ ሴት ልጃችሁን የምታዋልደው ምናልባት እሷው ትሆናለችና። መምህራንም ከመፈረማችሁ በፊት «የራሴን ልጅ ለዚህች ተማሪ እጅ አደራ እሰጣለሁ ወይ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ከቤቱ ስወጣ አማቲቱ እስከ በር ሸኙኝ። ቁጣቸው በርዶ ነበር። «ያቺን ልጅ ካየሻት ገንፎው ሳያልቅ ትምጣ በያት» አሉኝ።