አሰብም ቢንያምም የእኛ?

በዚህ ገጽ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ዳር ድንበር ስጽፍ የከረምሁ ሰው ዛሬ ስለ ብስክሌት ብዕር ማንሳቴ ግር የሚላችሁ አንባቢያን እንደምትኖሩ እገምታለሁ። ይሁንና አንዳንድ የፖለቲካ ጥያቄዎች በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተድበስብሰው ያልፉና በቡና ቤት ራቁታቸውን ይወጣሉ። አብነት አካባቢ፣ የመርካቶ ነጋዴዎችና ደላሎች ከገበያው ግርግር ለግማሽ ሰዓት ሸሽተው ማኪያቶ የሚጠጡባት አንዲት ቤት አለች። የእንግሊዝ እግር ኳስ በሚያርፍበት ክረምት የዚያች ቤት ወሬ ቱር ደ ፍራንስ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ውድድሩ የእነሱ ነውና።)

ተከራካሪዎቹ የሚሉትን ያውቃሉ። ፖጋቻርን ተራራ ላይ ማን ያቆመዋል? ቪንጌጎር በ2022 እና በ2023 ያደረገውን ሊደግመው ይችላል ወይ? አንድ ጨርቅ ነጋዴ ቢጫው ማልያ በሰዓት ድምር፣ አረንጓዴው ግን በነጥብ እንደሚገኝ፣ ስለዚህም ተራራ የማይሆንለት ፈጣን ጋላቢ በሜዳው መንገድ ነጥብ ለቅሞ ንጉሥ ሊሆን እንደሚችል ለወጣቶቹ ሲያስረዳ ብትሰሙት አሠልጣኝ ይመስላችኋል። የ2026ቱ ቱር መነሻ ባርሴሎና፣ የመጀመሪያው ቀንም የቡድን የሰዓት ውድድር እንዲሆን መወሰኑን እንደ ግል በደል የሚቆጥር ሰውም አለ። ምክንያት አለው። በ2025 የመጀመሪያው ቀን ውድድር ሊል ከተማ ላይ በፍጥነት ሩጫ ሲፈጸም ቢንያም ግርማይ ከፊሊፕሰን ቀጥሎ 2ኛ ሆኗል። አንድ ደረጃ ከፍ ቢል ኖሮ ቢጫውን የሚለብሰው እሱ ነበር። በቡድን የሰዓት ውድድር በሚከፈት ቱር ግን ለፈጣን ፈጻሚ እንዲህ ያለ ቀን የለም።

ታዲያ ክርክሩ ሲጋጋል አንዱ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ዶክተር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን፤ ይህ ልጅ የእኛ ነው የእነሱ?» አለ። አፌን ሳልከፍት ከጥግ የተቀመጠ ጎልማሳ «አሰብም ቢንያምም የእኛ ናቸው!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

እኔን ያሳሰበኝ ያ ሳቅ ነው። ወደብና ሰው በአንድ ትንፋሽ ሲጠሩ ቀልዱ ከቀልድነት ያልፋል።

አስቀድመን ልጁን እንወቀው። ቢንያም በ2000 አስመራ ተወለደ። በመጋቢት 2022 ቤልጅየም ውስጥ ጌንት ቬቬልጌምን አሸነፈ፤ ይህን የመሰለ ታላቅ የአንድ ቀን ውድድር ያሸነፈ ጥቁር አፍሪካዊ ከእርሱ በፊት አልነበረም። በዚያው ዓመት ግንቦት በጂሮ ዲታሊያ 10ኛው ቀን ቫን ደር ፑልን ቀድሞ የገባ ሲሆን፣ በሽልማቱ መድረክ ላይ የወይን ጠርሙስ ቡሽ ዓይኑን መትቶት ውድድሩን ለማቋረጥ ተገደደ። በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለብሶ ጨረሰ። ከሦስቱ የመጀመሪያው ድል የተገኘው ጣልያን አገር፣ ቶሪኖ ከተማ ውስጥ ነው። የቅኝ ገዢው የልጅ ልጆች በመንገድ ዳር ተሰልፈው ለአስመራው ልጅ ሲያጨበጭቡ ማየት ታሪክን ለሚያነብ ሰው ቀላል ነገር አልነበረም።

ቀላል ያልሆነበትም ምክንያት አለ። ጣልያኖች በአስመራ ጎዳናዎች የብስክሌት ውድድር ሲያካሂዱ የአገሬውን ሰው አያስጠጉም ነበር። በ1939 ኤርትራውያንና ጣልያኖች አብረው እንዲወዳደሩ ሲፈቀድ ገብረማርያም ገብሩ የሚባል ኤርትራዊ አሸነፈ። ጂሮ ዲ ኤርትራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1946 ነው። ለእኛ ከዚያው ወራሪ የቀረልን የገበያችን ስም ነው፤ መርካቶ። እነርሱ የተከለከሉትን ብስክሌት ነጥቀው የራሳቸው አደረጉት። ዛሬም በአስመራ መንገድ ተዘግቶ ሲጋለብ ሕዝቡ ለማየት ይወጣል። ቢንያም የዚህ ሁሉ ልጅ ነው።

«የእኛ ነው» የሚሉት ወገኖች ማስረጃ የላቸውም አልልም። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ብስክሌተኞችን አሰልፋ ነበር፤ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ጋላቢዎች። በፌዴሬሽኑና ከፌዴሬሽኑ መፍረስ በኋላ በነበሩት ዓመታት ኤርትራውያን ብስክሌተኞች በኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ሥር በኦሎምፒክ ተወዳድረዋል። ይህ ታሪክ ነው፤ ሊፋቅ አይገባውም። ነገር ግን የ1962ቱን ውህደት፣ የ30 ዓመቱን ጦርነትና የ1993ቱን ሕዝበ ውሳኔ ዘልሎ የሚጠቀስ ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው። ቢንያም የተወለደው ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነች 7 ዓመት ቆይቶ፣ ሁለቱ አገሮች በባድመ ጦርነት ሲተላለቁ በነበረበት ዓመት ነው። እናቱ ያንን ልጅ ያጠባችው የማንን አውሮፕላን ድምፅ እየሰማች እንደሆነ «የእኛ ነው» ባዩ ጎልማሳ አስቦት ያውቅ ይሆን?

በእኔ እምነት የእኛ ፍቅር አንድ አመል አለው፤ ካልወረሰ አይረካም። ጎረቤት ሲያሸንፍ ጎረቤት ሆነን ደስ ሊለን አይችልም፤ ወይ «ደማችን ነው» ብለን እንጠቀልለዋለን፣ ወይ እንጠላዋለን። በ2018 ድንበሩ ሲከፈት ተቃቅፈን አለቀስን። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ ምድር የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። ከ2023 ወዲህ ደግሞ የቀይ ባሕር ነገር በየመድረኩ ሲነሳ «ወንድማማች ሕዝብ» የሚለው ቃል እንደ ማስፈራሪያ መሰማት ጀመረ። የባሕር በር ጥያቄ ሊነሳ አይገባም እያልሁ አይደለም፤ 120 ሚሊዮን ሕዝብ ያለው አገር ስለ ወደብ ማሰቡ ተገቢ ነው። ሰውን ከወደቡ ጋር አብሮ በይዞታ መዝገብ ማስገባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በተቃራኒው በኩል ያለውንም ልበል። የአስመራ መንግሥት በምርጫ ሥልጣን ላይ የወጣ አይደለም፤ ወጣቱን ገደብ በሌለው ብሔራዊ አገልግሎት ጠፍሮ ይዟል። የብስክሌተኛ ድል ይህን አያጥበውም። ቢንያምን ማድነቅ ለዚያ መንግሥት ማጨብጨብ የሚመስላቸው ሰዎች ግን ሕዝብንና መንግሥትን አንድ በማድረግ ከ«የእኛ ነው» ባዮቹ ጋር ያው ስሌት ይጋራሉ።

ለመሆኑ የራሳችን ጋላቢ የት አለ? አስመራ ከፍታ ላይ መሆኗን እንደ ምስጢር የሚጠቅሱ አሉ። አዲስ አበባስ ሜዳ ላይ ናት? ባሕር ዳር ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት የሚንቀሳቀስባት ከተማ ናት፤ ለውድድር ግን ማን አሰለጠነው? የኢትዮጵያ ብስክሌት እውነተኛ ቤት ትግራይ ነበረች። በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የወጣው ከዚያ ነው። አብነት ውስጥ የጽጋቡን ስም የሚያነሳ አንድ ሰው አልሰማሁም። በቢንያም ላይ የባለቤትነት ክስ የምንመሠርት ሰዎች፣ በፓስፖርታችን የጋለበውን ልጅ ረስተነዋል። ከዚያም ጦርነቱ መጣና ክለቦቹ ለውድድር ያሰለጠኗቸውን እግሮች በየአቅጣጫው በተናቸው። ይህ ከአሰብ ጋር ለምን አብሮ አይነሳም?

ብስክሌት አንድ ሰው ብቻውን የሚያሸንፍበት ስፖርት አይደለም። በታላላቆቹ የሦስት ሳምንት ውድድሮች እያንዳንዱ ቡድን 8 ጋላቢ ያሰልፋል፤ ሰባቱ ነፋሱን በደረታቸው እየከፈሉ፣ ውኃ እያመላለሱ፣ አንዱን ለመጨረሻዎቹ 200 ሜትሮች ያደርሱታል። የእነዚያን የሰባቱን ስም ተመልካቹ አይይዘውም። ያንን ለማፍራት በየሳምንቱ የሚካሄድ ውድድር፣ ደመወዝ የሚከፍል ክለብና መካኒክ ያስፈልጋል። የደም ዝምድና ጎማ አይነፋም።

የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ለብስክሌት የተለየ መስመር በየጎዳናው አስምሯል። መስመር ካለ፣ እሑድ ጠዋት ከመርካቶ ወዲያ ያሉትን ሰፋፊ ጎዳናዎች ለሦስት ሰዓት ዘግቶ የሠፈር ልጆችን ማወዳደር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለአንድ የእግር ኳስ ቡድን ማልያ የሚያሰፉ የገበያው ባለሀብቶች ለአሥር ልጆች ብስክሌት መግዛት አያቅታቸውም። እስከዚያው ቢንያም በአዲሱ የኤንኤስኤን ቡድን ማልያ ሲሮጥ ኤርትራዊ ሆኖ እንዲያሸንፍ እመኛለሁ፤ ያለ አንዳች ድርሻ ጥያቄ።