ኩባንያ ሲሸጥ የሶፍትዌሩ ዕጣ

ቤት ሲሸጥ ተከራዩ አይጠየቅም፤ ሻጩና ገዢው ተዋውለው ከጨረሱ በኋላ እርሱ የሚደርሰው ወሬው ብቻ ነው። በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰውም ከዚህ ተከራይ ብዙ አይለይም። ደብዳቤ የሚጽፍበትና ሒሳብ የሚይዝበት ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ የአዘጋጁ ኩባንያ ንብረት ነው፤ የእርሱ ድርሻ በፈቃድ መጠቀም ነው። ኩባንያው በሌላ በተገዛ ጊዜ ሶፍትዌሩ ሊሻሻል፣ ዋጋው ሊንር ወይም ጨርሶ ሊጣል ይችላል። የተጠቃሚውን ዕጣ በይበልጥ የሚወስነው ግን የገዢው ደግነት ወይም ክፋት ሳይሆን፣ ሶፍትዌሩ የተጻፈበትን መሠረታዊ ጽሑፍ የመጠቀም መብት በማን እጅ መሆኑ ነው።

ለዚህ አባባል ሳን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ሳን እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ የጀርመን ኩባንያ ገዝቶ ስታር ኦፊስ የተባለውን የጽሕፈትና የሒሳብ ሶፍትዌር ወሰደ፤ በ2000 መሠረታዊ ጽሑፉን ለሕዝብ ክፍት ስላደረገው ኦፕን ኦፊስ ተወለደ። በ2008 ደግሞ ማይ ኤስኪውኤል የተባለውን የመረጃ ማከማቻ የሚያዘጋጀውን ኩባንያ በ1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ገዛ። ይሁን እንጂ ገዢው ራሱ ተራው ደርሶ በ2010 መጀመሪያ ለኦራክል ተላለፈ፤ የተገመተውም ዋጋ 7.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር።

ከዚያ በኋላ የሁሉም ዕጣ አንድ ዓይነት አልሆነም። ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋና ማይ ኤስኪውኤል በአዲሱ ባለቤት እጅም መሻሻላቸውን ቀጠሉ። ኦፕን ሶላሪስ ግን በዚያው ዓመት ተቋረጠ። ከኦፕን ኦፊስ አዘጋጆች ብዙዎቹም በ2010 ተለይተው ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት መሠረቱ፤ ያንኑ ጽሑፍ ይዘው ሊብረ ኦፊስ በሚል ስም ሥራቸውን ቀጠሉ። ኦራክል በ2011 ኦፕን ኦፊስን ለአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን አስረከበ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ገዢው ስሙን የራሱ ማድረግ ቢችልም አስቀድሞ ለሕዝብ የተሰጠውን ፈቃድ መልሶ ለመንጠቅ አለመቻሉ ነው።

«ገንዘቡን ከፍሎ የገዛ ባለቤት በንብረቱ እንደ ፈቀደ ቢያዝ ምን ነውር አለው?» የሚሉ አሉ። ክርክራቸው መሠረት የለሽ አይደለም። የደከመ ኩባንያ ገዢ ካላገኘ ሶፍትዌሩም አብሮት ሊቀበር ይችላል። ክፍት ጽሑፍም ቢሆን በራሱ አይታደስም፤ ጊዜውን የሚሰጥ ባለሙያ ይሻል። ነገር ግን ተጠቃሚው የሚያወጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ዓመት ሰነዱንና ልምዱን በሶፍትዌሩ ላይ አከማችቷል። የገዢው መብት ይህን ሀብት እስከ ማገት ሊደርስ አይገባም።

ስለዚህ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ሶፍትዌር ከመምረጡ በፊት ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ሁለት ጥያቄዎችን ሊያነሣ ይገባዋል። ኩባንያው ነገ ቢሸጥ ሰነዶቹ በሌላ ሶፍትዌር ይከፈታሉን? አዲሱ ባለቤት ሥራውን ቢተወው ሌሎች ሊቀጥሉት ይፈቀድላቸዋልን? ሽያጩን ማስቀረት የተጠቃሚው ሥልጣን አይደለም፤ መውጫውን አስቀድሞ ማወቅ ግን የእርሱ ፈንታ ነው።