ጥገናው በስንት ሰዓት ነው?

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ያጋጠመው ችግር መነሻው የሳይበር ጥቃት አልነበረም። ብሔራዊ ባንክ እንዳስታወቀው፣ የተፈጠረው በመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ወቅት ነው። ነገሩ ታውቆ አገልግሎቱ እስኪቋረጥ ድረስ ከሂሳባቸው በላይ ያወጡና ያዘዋወሩ ደንበኞች ነበሩ። መቋረጡ ደግሞ ከነገሩ የሌለበትንም ደንበኛ አጉላላ።

ስለ ገንዘቡ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ጥገና ሰዓት ግን ጥቂት። ሲስተም ያለ ጥገና እንደማይሠራ ማንም አይክድም። ጥያቄው መቼ ይጀመራል፣ ካልተሳካስ በስንት ሰዓት ወደ ቀድሞው ይመለሳል የሚለው ነው። የመመለሻ ሰዓት ያልተቆረጠለት ጥገና «ትንሽ ቆዩ፣ ይስተካከላል» እየተባለ እስከ ረፋድ ይጎተታል።

ሌሊትም ቢሆን ባዶ ሰዓት አይደለም። አዲስ አበባ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ምሽት ነው፤ ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልከው ሰው ከሥራ የሚወጣው ያኔ ነው። የደመወዝ ሰሞንና የበዓል ዋዜማ ደግሞ ከነጭራሹ ሊነኩ አይገባም። ባንኮች በኢትስዊች የጋራ የክፍያ መረብ ቢተሳሰሩም፣ የአንዱ ሲስተም ሲዘጋ ካርዱ በሌላው ኤቲኤምም አይሠራም።

ማስታወቂያው ቀናት ቀድሞ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይድረስ። «12:00» ብቻ ተጽፎም ሕዝቡ በእኛ ሰዓት ይሁን በፈረንጅ እንዲገምት አይተው። ባንኮችና ቴሌኮም ኩባንያዎች የጥገና ቀናቸውን አስቀድመው ቢነጋገሩበት፣ ሁሉም በአንድ ሌሊት አይጠፉብንም።