«ዝግጁ ሁን» ብቻ ሳይሆን «ዝግጁ ሁኑ»

የስካውት ማኅበር በዓለም የታወቀበት መሪ ቃል በእንግሊዝኛ ሲነገር ወንድና ሴት አይለይም። ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን የቋንቋችን ጠባይ ያስገድደናልና ወይ «ዝግጁ ሁን»፥ ወይ «ዝግጁ ሁኚ» ማለት ግድ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚሰማው የመጀመሪያው ነው። ነገሩ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሰዋስው መምህራን ትተነው ባለፍን ነበር። ዳሩ ግን ከቃሉ ጀርባ፥ «ለኃላፊነት ተዘጋጅቶ ማደግ ያለበት ማን ነው?» የሚል ታላቅ ጥያቄ አለ። ስለዚህ በትምህርት ላይ ያላችሁ ወጣቶችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመራችሁ ወንድሞችና እኅቶች ልታስቡበት የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል።

ለመሆኑ ስካውትነት ምንድን ነው? በአገራችን ቦይ ስካውት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት በተማሪ ቤቶች ይታወቅ ስለ ነበር፥ ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ ትዝ የሚለው አጭር ሱሪ፥ በአንገት ላይ የታሰረ ሻርፕና የበዓል ቀን ሰልፍ ነው። ይህ ግን ልብሱ እንጂ ሥራው አይደለም። ሥራውን ለማወቅ ወደ መነሻው መመለስ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ከ1899 እስከ 1900 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የምትገኘው የማፌኪንግ ከተማ በቦዌሮች ጦር ለ217 ቀን ተከባ ነበር። የከተማይቱን መከላከል ይመሩ የነበሩት እንግሊዛዊው መኮንን ሮበርት ቤደን ፖዌል ነበሩ። የሰው ኃይል አንሶ ስለ ነበረ የከተማው ልጆች መልእክት እንዲያመላልሱ ተደረገ፤ ልጆቹም ኃላፊነት በተጣለባቸው ጊዜ ከታሰበላቸው በላይ ሆነው ተገኙ። ቤደን ፖዌል የቅኝ ገዥ መንግሥት ወታደር መሆናቸውን እኛ አፍሪካውያን ልንረሳው አንችልም። ነገር ግን ከዚያ ጦርነት ይዘውት የወጡት ትምህርት ለማንኛውም ሕዝብ የሚጠቅም ነው። ይኸውም ወጣት የሚታመነው ካደገ በኋላ ሳይሆን፥ ስለሚታመን የሚያድግ መሆኑ ነው።

ይህንኑ ሐሳብ በሰላም ጊዜ ለመፈተን በነሐሴ ወር 1907 ዓ.ም. ብራውንሲ በምትባል የእንግሊዝ ደሴት ላይ 20 ያህል ልጆችን ሰብስበው ድንኳን ተከሉ። ከልጆቹ አንዳንዶቹ በታወቁት ውድ ተማሪ ቤቶች የሚማሩ የባለጸጎች ልጆች ሲሆኑ፥ ሌሎቹ ደግሞ የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። በአራት ቡድን ተከፈሉ፤ ለእያንዳንዱም ቡድን ከራሳቸው ከልጆቹ መካከል አለቃ ተሾመለት። በሚቀጥለው ዓመት በ1908 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፋቸው ሐሳቡን በዓለም ላይ በተነው።

እንግዲህ የስካውትነት ዋና ቁም ነገር ይህ የቡድን ሥርዓት ነው። የ14 ዓመት ልጅ የቡድን አለቃ ሲሆን፥ ጓደኞቹ ሁሉ ሳይበሉ እርሱ አይበላም፤ ሁሉም ሳይተኙ እርሱ አይተኛም። ካርታ ማንበብ፥ እሳት ማንደድና ማጥፋት፥ ገመድ ማሰር፥ ለቆሰለ ሰው የመጀመሪያ ርዳታ መስጠት፥ በየቀኑ አንድ በጎ ሥራ መሥራት፤ ይህን ሁሉ በተግባር ይማራል። በተማሪ ቤት የተሠራ ስሕተት በቀይ ቀለም ይታረማል፤ የድንኳኑን ገመድ አላልቶ ያሰረውን ግን ሌሊት የመጣ ዝናብ ያርመዋል። እንዲህ ያለው ትምህርት ከአእምሮ አይጠፋም።

ይህ ትምህርት ይህን ያህል ጠቃሚ ከሆነ፥ ለወንድ ልጅ ብቻ የሚሰጥበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ መጀመሪያ ያነሡት ፈላስፎች ወይም የሕግ ዐዋቂዎች አይደሉም፤ ልጃገረዶች ራሳቸው ናቸው። በመስከረም ወር 1909 ዓ.ም. በለንደን ክሪስታል ፓላስ ከ10 ሺሕ በላይ የሚሆኑ ወንዶች ስካውቶች ለሰልፍ በተሰበሰቡ ጊዜ፥ ጥቂት ልጃገረዶች ማንም ሳይጠራቸው የስካውት ልብስ የመሰለ ለብሰው መጡና እኛም ከዚህ እንቈጠር አሉ። የተሰጣቸው መልስ ለብቻቸው ሌላ ማኅበር ማቋቋም ነበር። በ1910 ዓ.ም. ገርል ጋይድስ የሚባለው ማኅበር በቤደን ፖዌል እኅት በአግነስ መሪነት ተመሠረተ። በአሜሪካም ጁልየት ጎርደን ሎው የተባሉ ወይዘሮ መጋቢት 12 ቀን 1912 ዓ.ም. በሳቫና ከተማ 18 ልጃገረዶችን ሰብስበው የሴቶቹን ማኅበር ጀመሩ።

የሴቶቹ ችሎታ ለመታየት ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ የጸጥታ ምሥጢር መሥሪያ ቤት ወንዶች ስካውቶችን መልእክተኛ አድርጎ ቀጥሮ ነበር። ልጆቹ ሥራ ሲፈቱ የሚረብሹ ሆነው ስለ ተገኙ በ1915 ዓ.ም. ቦታቸው ለልጃገረዶች ጋይዶች ተሰጠ። ምሥጢር መጠበቅ የወንድ ሙያ ነው ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ይመስለናል።

ይሁን እንጂ የስካውት ማኅበር በር የተከፈተው ቀስ በቀስ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1976 ዓ.ም. በትላልቆቹ ልጆች ክፍል ብቻ ሴቶች ገቡ፤ በ1991 ዓ.ም. በየትኛውም የዕድሜ ክፍል እንዲገቡ ተፈቀደ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሴቶችን መቀበል ለሁሉም ግዴታ ሆነ። ልጃገረዶቹ በክሪስታል ፓላስ ለጠየቁት ጥያቄ ሙሉ መልስ የተገኘው ከ98 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በአሜሪካ ደግሞ በ2019 ዓ.ም. ለብቻቸው በተቋቋሙ የሴቶች ክፍሎች በዋናው ማኅበር ውስጥ ገቡ። ከፍተኛ የሆነውን የንስር ማዕረግ ለማግኘት ቢያንስ በ21 ልዩ ልዩ ሙያ መፈተንና ለሕዝብ የሚጠቅም አንድ ሥራ ዐቅዶ መምራት ያስፈልጋል። በ2021 ዓ.ም. አንድ ሺሕ የሚጠጉ ልጃገረዶች በመጀመሪያ ጊዜ ይህን ማዕረግ ተቀበሉ። በ2025 ዓ.ም. ማኅበሩ «ወንዶች» የሚለውን ቃል ከስሙ አውጥቶ ስካውቲንግ አሜሪካ ተባለ።

በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው፥ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ከሚለው አሮጌ ተረት የሚመነጭ ነው። ለዚህ ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ የሚያውቅ ሰው ያወቀውን እንዳይፈጽም መከልከል ለማንም ትርፍ ያመጣበት ጊዜ የለም።

ሁለተኛው ክብደት ያለው ነው። ልጃገረዶች ለብቻቸው ሲሆኑ አለቃውም፥ ጸሐፊውም፥ ገንዘብ ያዡም ከእነርሱ ይሆናል፤ ከወንዶች ጋር ሲቀላቀሉ ግን ወደ ኋላ ይቀራሉ የሚል ነው። ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም። ስለዚህ የሴቶቹ ማኅበር ይፍረስ የሚል ሐሳብ የለንም፤ የምትፈልገው ልጅ በዚያ ትቀጥል። ሆኖም ምርጫው የልጅቷና የወላጆችዋ ይሁን እንጂ፥ በር በመዝጋት የሚወሰን አይሁን።

ሦስተኛው የወላጆች ፍርሃት ነው። ሴት ልጅ ከቤት ርቃ በድንኳን ማደርዋ ያሳስባል። ወላጅ መስጋቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አደጋው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካው ማኅበር በ2020 ዓ.ም. የኪሣራ አቤቱታ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ነበር። ምክንያቱም በልጅነታችን በመሪዎቻችን ተደፍረናል የሚሉ ሰዎች የካሣ ክስ ማቅረባቸው ነው፤ ከአቤቱታው በኋላም የካሣ ጥያቄዎቹ 82 ሺሕ ያህል ደረሱ። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ወንዶች ሲሆኑ፥ በደሉ የደረሰባቸውም ማኅበሩ የወንዶች ልጆች ብቻ በነበረበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ሴትን ማራቅ ልጆችን አልጠበቀም ማለት ነው። ልጅን የሚጠብቀው በቂ ደንብና ደንቡን የሚያስከብር ሰው ነው።

ወንዶችና ሴቶች ልጆች አብረው ስካውት እንዲሆኑ የምንደግፍበት ዋና ምክንያት ግን ለሴቶቹ ከመራራት የመጣ አይደለም፤ ወንዱም የሚጎድልበት ነገር ስላለ ነው። ወጣት ባለሥልጣን ሆይ፥ በመሥሪያ ቤትህ አለቃህ ሴት ልትሆን ትችላለች፤ ከጎንህ የምትሠራውም፥ በሥርህ የምታዝዛትም እንደዚሁ። በ14 ዓመቱ ከአንዲት ልጅ ትእዛዝ ተቀብሎ ውሃ ቀድቶ የማያውቅ፥ ከእርስዋም ጋር ተማክሮ መንገድ ፈልጎ የማያውቅ ሰው፥ በ30 ዓመቱ ይህን ጠባይ በመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሊማረው አይችልም። የሴት ትእዛዝ ውርደት፥ ሐሳብዋም ጣልቃ ገብነት ሆኖ ይታየዋል። በዚህ የሚጎዳው ሥራው ነው፤ ሥራው ሲጎዳ ደግሞ ጉዳይ ሊያስፈጽም በደጅ የቆመው ባለጉዳይ ይጎዳል።

ስለዚህ የወጣቶችን ክፍል የሚያቋቁሙ ተማሪ ቤቶችና ማኅበሮች ሦስት ነገር ቢያስተውሉ መልካም ነው። አንደኛ፥ ሴቶች ልጆች ባሉበት ሁሉ ከወንድ መሪ ጋር ሴት መሪ ትኑር፤ ማደሪያቸውም ለየብቻ ይሁን። ሁለተኛ፥ አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ሌላ ሰው በማያይበት ቦታ ለብቻው እንዳይሆን ደንቡ በጽሑፍ ይገለጽ፤ ለወላጆችም ይነበብ። ሦስተኛ፥ ሥራው በተራ ይከፈል። ድንኳን ተካዩ ሁልጊዜ ወንድ፥ ወጥ ሠሪዋ ሁልጊዜ ሴት ከሆነች፥ ማጀቱን ከቤት ወደ ጫካ መውሰድ ይሆናል እንጂ ስካውትነት አይባልም። ወንዱ ሽንኩርት ይክተፍ፤ ሴቷ ካርታውን ትያዝ፤ በሚቀጥለው ቀን ይለዋወጡ።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ፥ ሃምሳው ሁሉ ወንድ ይሁን አላሉም። የአገር ሸክም ከሎሚ ይከብዳል። ይህን ሸክም ነገ የሚሸከመው ትውልድ ከዛሬ ጀምሮ አብሮ መለማመድ አለበት። በቋንቋችን ደግሞ ወንዱንም ሴቷንም ሳይለይ የሚጠራ ቃል አለን፤ እርሱም «ዝግጁ ሁኑ» የሚለው ነው።