ላም አለኝ በመሬት፣ ትርፏንም አላይ!

ሹማምንቶቻችን የማይሰለቻቸው አንድ ዘፈን አለ። በየስብሰባው፣ በየወርክሾፑ «አርብቶ አደሩ ከብት መቁጠር እንጂ መሸጥ አያውቅም» ይሉናል። ሀብት ላይ ተኝቶ የሚራብ ሞኝ ነው ማለታቸው ነው። ለመሆኑ ሞኙ ማነው? እስቲ እስክሪብቶ ያዙና አብረን እናስላ።

የቦረናው ሰው ወይፈኑን ከጥልቁ ኤላ ውኃ እየቀዳ፣ ሳር ፍለጋ እየተንከራተተ ዓመታት ያሳድገዋል። ዝናብ ሲቀር ሳሩ ያልቃል። ያን ጊዜ ሁሉም ባንዴ ከብቱን እየነዳ ገበያ ይወጣል። ከብት ይረክሳል፣ በቆሎ ይወደዳል። ሚዛን ብሎ ነገር የለም፤ ነጋዴው በዓይኑ ይገምታል፣ ደላላው መሐል ይገባል፣ አለቀ!

ቁጥሩ ለስሌት እንዲመች ይሁንና፣ የከሳው በሬ 250 ኪሎ ነው፤ ኪሎው በ100 ብር ሂሳብ 25,000 ብር ተሸጠ እንበል። ገዢው ሳር ባለበት ያሰማራዋል፣ ወይም አዳማ ዙሪያ አስገብቶ ፉርሽካና ፋጉሎ ያበላዋል። በሦስት ወር 50 ኪሎ ጨመረ። በዓል ደረሰና ኪሎው 150 ብር ገባ። 300 ኪሎ በ150፣ 45,000 ብር! ከ20,000 ብሩ ልዩነት ውስጥ አዲሱ ሥጋ ያመጣው 7,500 ብቻ ነው። 12,500 ብሩ የተገኘው አርብቶ አደሩ ካበቀለው ሥጋ ላይ ነው፤ ቀኑ ስለተቀየረ ብቻ!

አድላቢው ይወቀስ አልልም። መኖ ይገዛል፣ ለመኪና ይከፍላል፣ በሬውም ሊሞትበት ይችላል። ጥያቄው ባለከብቱ ያንን ክፉ ቀን ለምን አያሳልፍም ነው።

«ዝናብ እያለ ለምን አልሸጠም?» ይሉ ይሆናል። ሸጦ ብሩን የት ያድርገው? ባንክ ቢከተው የኑሮ ውድነት ይበላዋል። ጊደሯ ግን ትወልዳለች፣ ትታለባለች። ከዚህ የተሻለ ወለድ የሚከፍል ባንክ ያለው ካለ ይንገረን!

ለክፉ ቀን ሳር ማስቀመጥንም ከወርክሾፕ አልተማረውም። ቦረና ለጥጃ የሚከልለው ካሎ አለው። የከረዩና የአፋር የበጋ ሳር ደግሞ አዋሽ ዳር ነበር። እሱን በንጉሡ ዘመን ሸንኮራና ጥጥ ወሰዱት፤ በ1958 ዓ.ም. የአዋሽ ፓርክ ተከለለ፤ ኢሕአዴግም ከሰምና ተንዳሆ ላይ ሸንኮራ ጨመረበት። ይህ ሁሉ የሆነው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነፃ እንደሚያገኝና እንደማይፈናቀል ከጻፈ በኋላም ጭምር ነው። ወረቀቱማ ጥሩ ወረቀት ነው!

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ ምን አየን? ያልተሸጠው ከብት ሜዳ ላይ ወድቆ ቀረ፤ የተሸጠውም በውርደት ዋጋ ሄደ። ድርቁ እኮ በአንድ ሌሊት አልመጣም! ከብቱ ሳይከሳ የሚገዛ፣ ድርቆሽ ቀድሞ የሚያከማች መንግሥት የት ነበር?

በየከብት ገበያው አንድ ሚዛን ቢተከል እንኳ ባለከብቱ የሚሸጠውን ኪሎ ያውቅ ነበር። ለአንድ ወርክሾፕ አበልና ምሳ የሚወጣው ብር ስንት ሚዛን ይገዛል? ይቺን እንኳ እነሱ ያስሏት።