ቁጥር የያዘ ሁሉ አላጠናም

«ጥናት አመለከተ» የክርክር መዝጊያ ሆኗል። አንድ የቴሌግራም ቻናል ተከታዮቹን «ትደግፋላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በማግስቱ «አብዛኛው ሕዝብ ተቃወመ» የሚል ዜና ይሠራል። ድምፅ የሰጠው ግን ሕዝቡ አይደለም። ስማርት ስልክ ያለው፣ ዳታ የሞላ፣ ያንንም ቻናል ወዶ የሚከታተል ሰው ነው።

«መቶ ሺህ ሰው እኮ ነው የመለሰው!» ይባላል። በዚህ መከራከሪያ ላይ ታሪክ ከፈረደበት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1936 የአሜሪካው «ሊተራሪ ዳይጀስት» መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የምርጫ መጠይቅ በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ምላሽ አገኘና ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል ብሎ አወጀ። ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። አድራሻዎቹ በብዛት የተለቀሙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ደሃው ከሁለቱም አልነበረበትም። መልስ ለመላክ የተነሳሳውም ሰው ካልተነሳሳው ይለያል። ጆርጅ ጋሉፕ በጣም ባነሰ ናሙና አሸናፊውን በትክክል ተነበየ።

ወጥ የምትሠራ እናት ጨውን ለመቅመስ አንድ ጭልፋ ይበቃታል፤ ግን አስቀድማ ታማስላለች። ናሙናም እንዲሁ ነው። ድስቱ ካልተማሰለ ጭልፋው ቢተልቅም ጣዕሙ አይታወቅም።

የሶሺዮሎጂ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ከጥያቄ ነው። ከእሱ በፊት ሌሎች ምን እንዳገኙ ያነብባል። «ድህነት» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ይወስናል፦ ገቢ ነው? በቀን ስንት ጊዜ መብላት ነው? የቤቱ ጣሪያ ነው? ቀጥሎ ማንን፣ የት፣ በምን ዘዴ እንደሚጠይቅ ያቅዳል። መጠይቁን በጥቂት ሰዎች ላይ ሞክሮ ያልገባቸውን ቃል ያስተካክላል። ሰዎቹን ፈቃዳቸውን ይጠይቃል፤ ስማቸውንም ይጠብቃል። መረጃ መሰብሰብ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የተገኘው መረጃ ከመላ ምቱ ጋር ካልተስማማ፣ የሚጣለው መላ ምቱ እንጂ መረጃው አይደለም።

እዚህ አገር ግን ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። መደምደሚያው ከበጀቱ ጋር አብሮ ይመጣል። ፕሮጀክቱ «ውጤታማ» መባል ስላለበት አማካሪው ለዚያ የሚሆን ቁጥር ይፈልጋል። መረጃ ሰብሳቢው የጥቂት ቀን አበል ይዞ መኪና የሚገባበትን ቀበሌ ይመርጣል። እንግሊዛዊው ሮበርት ቻምበርስ ይህን የአስፋልት ዳር አድልዎ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ ተችቶታል፤ ዛሬም አልቀረም። ቀበሌው ደግሞ ሞዴል ገበሬዎቹን አሰልፎ ይጠብቃል። ገበሬውም ሞኝ አይደለም፦ ጠያቂው ከመንግሥት የመጣ ከመሰለው ያመሰግናል፤ እርዳታ የያዘ ከመሰለው በሬውን ይደብቃል። አሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን መንዝ ድረስ ወርዶ ከኖረና ካጠና በኋላ መጽሐፉን «ሰምና ወርቅ» ያለው በከንቱ አይደለም። በአሥር ደቂቃ መጠይቅ ሰሙን ለቅሞ «ወርቁን አገኘሁ» የሚል ራሱን ያታልላል።

ሌላም ጉድ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄድ ይላል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ለመምረጥ ደርሷል። ጠንቃቃ አጥኚዎች በተመረጠው አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ነዋሪውን እንደገና ይመዘግባሉ። ግዴለሹ ግን የተፈናቀለውን፣ የተሰደደውን፣ አዲስ የሰፈረውን ሳያይ «የሕዝቡ ይህን ያህል በመቶ» ይላል።

«ገንዘብ የለም፣ ጊዜ የለም» የሚለው ሰበብ አያስኬድም። አቅም ያነሰው ጥናቱን ያጥብብ። በአንዲት ቀበሌ ውስጥ በሚገባ ተጠንቶ «ይህ ስለዚህች ቀበሌ ብቻ ነው» የሚል ሥራ፣ ስለ አገሩ ሁሉ ከሚዋሽ ወፍራም ሪፖርት ይሻላል። ዋጋውን የሚከፍለው ሪፖርቱን የጻፈው አይደለምና። ከአስፋልቱ ርቃ የምትኖረው፣ ማንም ያልጠየቃት እናት ናት፤ ስንዴውም ጤና ጣቢያውም በዚያ ቁጥር ተደልድሎ ያልፋታል።

ስለዚህ «ጥናት አመለከተ» የሚል ሁሉ ሦስት ነገር ይመልስ፦ ማን ተጠየቀ? እንዴት ተመረጠ? ከፋዩ ማን ነው? እነዚህን የማይመልስ ወሬ እንጂ ጥናት አልያዘም።