መጀመሪያ ገመዱ፣ ቀለሙ በኋላ

«ባሕር የሌለን ከተሜዎች ስለ ሸራ ጀልባ ምን አገባን?» ትሉን ይሆናል። ያገባናል እንላለን። አሮጌ ነገር ገዝቶ የማደስን ጣጣ የማያውቅ ሰው በመካከላችን የለማ! አሮጌ መኪና ስንገዛ መጀመሪያ የምንሮጠው ወዴት ነው? ወደ ወንበር ልብስና ወደ ቴፕ። ፍሬኑስ? «ቀስ ብሎ ይታያል።»

ጀልባም ላይ ያው ነው። አሮጌ ሸራ ጀልባ የገዛ ሰው ልቡ የሚሄደው ወደ ቀለሙ፣ ወደ ፍራሹና ወደ አዲሱ ስክሪን ነው። ምሰሶውን ወጥረው ያቆሙት የብረት ገመዶች ግን ስለሚያብረቀርቁ ብቻ ጤነኛ ይመስሉታል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ «የውጭ አልጋ የውስጥ ቀጋ» የሚባለው የሚመጣው። የማይዝግ የምንለው ብረት ይዝጋል፤ ያውም በማይታይ ቦታ። ይህ ብረት ራሱን ከዝገት የሚጠብቀው አየር ሲያገኝ ነው። የገመዱ ጫፍ በተጨመቀበት ማያያዣ ውስጥ ጨዋማ ውሃ ሰርጎ ሲታቆር አየር ያጥረዋል፤ ከውስጥ መበላት ይጀምራል። ለዚህ ነው ብዙ ባለሙያዎች ገመዱ ደህና ቢመስልም ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀየር የሚሉት። አንዱ ዋና ገመድ ከተበጠሰ ምሰሶው ከነሸራው ሊወርድ ይችላል።

ውቅያኖስ ደግሞ ምሕረት የለውም። ጎልደን ግሎብ የተባለውን፣ ብቻን ሆኖ ሳይቆሙ ዓለምን የመዞር ውድድር እንይ። ጀልባዎቹ ከ1988 (እ.አ.አ.) በፊት የተነደፉ፣ ከ32 እስከ 36 ጫማ የሚረዝሙ መሆን አለባቸው። በጂፒኤስ መመራትም ክልክል ነው። በ2018 በተጀመረው ውድድር የአምስት ጀልባዎች ምሰሶ ተሰብሯል። እነዚህ እንግዲህ በሚገባ ተዘጋጅተው የወጡ ናቸው። ያልተዘጋጀውን እናንተው አስቡት።

በቀጣዩ ውድድር ደቡብ አፍሪካዊቷ ኪርስተን ኖይሼፈር ብቸኛዋ ሴት ነበረች። «ሚኒሃሃ» የተባለችውን በ1988 የተሠራች ጀልባዋን ካናዳ ውስጥ በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ከሥር መሠረቷ አሳድሳ በመስከረም 2022 ከፈረንሳይ ተነሣች። ከ235 ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2023 አሸናፊ ሆና ተመለሰች። አሮጌ ጀልባ ይዛ!

«ያደሰ ሁሉ ይድናል» እያልን ግን አይደለም። በዚያው ውድድር የፊንላንዳዊው ታፒዮ ሌህቲነን ጀልባ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሰጠመች። ሰውየው ግን ተረፈ። ያዳኑት የሕይወት አድን ታንኳውና የአደጋ ምልክት ማስተላለፊያው ናቸው፤ አቅጣጫዋን ቀይራ ሄዳ ያነሣችውም ራሷ ኪርስተን ናት። ልብ በሉ፦ እነዚህም ዕቃዎች ክፉ ቀን እስኪመጣ ድረስ ማንም የማያያቸው፣ ማንም የማያደንቃቸው ናቸው።

አቋማችን ይህ ነው፦ አሮጌ ስለሆነ ብቻ አይጣል፤ ስላማረ ብቻም አይታመን። ገንዘብ ካነሰ የሚቀረው ቀለሙ ይሁን። ጓደኞቻችን መጥተው «ታዲያ ምኑን አደሳችሁት?» ብለው ቢስቁብን እንኳ ይሳቁ። ሕይወታችንን የያዘው ገመድ ለፎቶ አይመችም።

እናንተስ፣ አሮጌ ነገር ስትገዙ መጀመሪያ የምትከፍቱት የቱን ነው፤ ቦኔቱን ወይስ ቴፑን?